ከእናታችን ኋላ የቆመችው

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድሜ ሷሊህ፣ እንደምን ከረምክ? ጤናህስ? ባለቤትህ ሩቂያስ፣ ልጆቹስ? የአዲስ አበባ ብርድ አልበረታባችሁም? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍ ውሸት በቅቶኛል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ለአረፋ መጥተህ «አሳምሬ እልከዋለሁ» ብለህ የወሰድከው የእናታችን ፎቶ ነው ነገሩ። ፎቶ ቤቱ በኮምፒዩተር ከኋላዋ ያለውን ሁሉ ቆርጦ ጥሎ ፏፏቴና ጽጌረዳ ተካበት፤ አንተም በመስታወት አስገብተህ ላክኸው። ሊያጌጡ ይመላለጡ አሉ። የተጣለው የጭቃ ግድግዳችን ብቻ አልነበረም። በሩ ላይ ጣሳ ይዛ የቆመችው እህታችን ፈዲላ ነበረች። በጅቡቲ በኩል በእግሯ ወደ ሳዑዲ ከሄደች ወዲህ ድምጿ ያልተሰማው፣ ሌላ ፎቶ የሌላት ፈዲላ። በስልክ ስነግርህ «አላየኋትም» አልከኝ። እህትህን እንዴት አታያትም?

የእኔም ጥፋት አለበት። የእናታችን ዓይን መድከሙን ታውቃለህ። ፎቶው ሲመጣ «ፈዲላዬ አለች?» ብትለኝ «አለች» አልኳት። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ሱብሒ ሰግዳ ስታበቃ መስታወቱን በጣቷ እየዳበሰች አበባውን ትስማለች።

ባለፈው ሳምንት ከሳዑዲ ከተመለሱት አንዷ፣ በዛች የምትባል የአቀስታ ልጅ፣ ጅዛን እስር ቤት ከአንዲት የመካነ ሰላም ልጅ ጋር ታስሬ ነበር ማለቷን ሰማን። «እዚያ ሁሉም ስሙን ይለውጣል፤ መልኳን ባይ ግን አውቃታለሁ» ብላለች። እናታችን ይህን ስትሰማ ማንን ትጠብቅ? ፎቶውን በሻርፗ ጠቅልላ ከእኔ ቀድማ መናኸሪያ ደረሰች። እውነቱን መንገድ ላይ ልነግራት አስቤ ነበር፤ ፈራሁ። አቀስታ ስንደርስ በዛች ፎቶውን ወደ ብርሃን አዙራ ደጋግማ አየችው። «እማማ፣ ከእርስዎ በቀር እዚህ ላይ ሰው የለም» አለቻት።

እናታችን አልጮኸችም። ወደ እኔ ዞር ብላ «ሳትኖር ነው ስስማት የከረምኩት?» አለችኝ።

ሷሊህ፣ ደብዳቤው እንደደረሰህ ፎቶ ቤቱ ሄደህ አሮጌውን ፎቶ ጠይቅ። እሱ ተጥሎም ከሆነ፣ ከመቆረጡ በፊት የነበረው በኮምፒዩተራቸው ውስጥ ቀርቶ እንደሆነ ለምነህ አስፈትሽ። በዛች ወሩ ሳያልቅ እንደገና ልትሰደድ ነው። እሷ ከሄደች በኋላ ፎቶው ቢገኝም የሚለይልን የለም።

ባለቤቴ አሕመድኑር ሰላም ብሎሃል። ልጄ ባሲማም ሩቂያንና ልጆቹን ሳሙልኝ ብላለች። የእናታችን ሰላምታ ግን የለበትም። ለሷሊህ ምን ብዬ ልጻፍ ብላት ፊቷን አዞረችብኝ፤ ያላለችውን ደግሞ አልጽፍልህም።

ታላቅ እህትህ ፈይዛ
መካነ ሰላም፣ ጥር 14 ቀን 2006 ዓ.ም.