በአንድ ዓመት እጥፍ የሆነው ጫካ

ጸሐይነሽ፣

ከገበያ እስክትመለሺ መኪናው አይጠብቀኝም፤ ባምባሲ ሄጃለሁ።

ትናንት ማታ ሁለቱን የአየር ፎቶዎች፣ የአምናውንና የዘንድሮውን፣ በትናንሽ አራት ማዕዘን ከፋፍለሽ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጥተሽ ስታመሳክሪ ጫካው እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ሰፋሪው ለቤት መሥሪያ እየቆረጠው ጫካ ይጨምራል? ሳቅኩብሽ። አንቺም "ኮዱን ነው የተከተልኩት" ብለሽ አኩርፈሽ ተኛሽ።

ዛሬ ጠዋት በአጉሊ መነጽር ሳየው ዘንድሮ ጫካ ብለን የቆጠርነው ያ ሁሉ ጥቁር ነገር አንድም የዛፍ ጥላ የለውም። የተቃጠለ ሣር ነው እኮ! እዚሁ ተወልጄ፣ በየበጋው ሣሩ ሲቃጠል እያየሁ አድጌ፣ እንዴት ይጠፋኛል?

ሰኞ አዲሶቹን ሰፋሪዎች እንጨት እንዲቆርጡ ወደዚያ ሊወስዷቸው ነው። መጥረቢያ ተሸክመው ሄደው አመድ ለብሰው እንዳይመለሱ ቀድሜ ቦታውን በዓይኔ አይቼ ላስቆማቸው ነው።

ፎቶዎቹ እንዲቃኑ ፍራሽሽ ሥር አድርጌያቸዋለሁ፤ ሳታወጪ እንዳትተኚበት። በሩን ዝጊ። የአከራያችን የእማማ ብኸይታ ፍየል ባለፈው ካርታችንን በልታ ገና አልጠገበችም።

ደግሞ
"ጥቁር ከሆነ ጫካ ነው፣ አንድ ብለሽ ጻፊ" የሚለውን ኮድ ያወጣሁት እኔ ነኝ።
ለቃጠሎ ቁጥር አላወጣሁለትም። አንቺ አውጪለትና እንደገና አመሳክሪ።

ትልቁን ማንጎ ትቼልሻለሁ። ይቅርታ እንዳይመስልሽ፤ ቦርሳዬ ውስጥ አልገባ ብሎኝ ነው።

ቡሴ