ሽማግሌዎቹ በአውሮፕላን ይመጣሉ

ለተከበሩት አባቴ ለአቶ ምንውየለት፤ ቡለን።

አባዬ፣ እንደምን ከረሙ? ክረምቱስ እንዴት አደረገዎት? ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይስ ዛሬም «ደህና ነኝ» እያሉ ይደብቃሉ? እማዬስ ደህና ናት? እኔ ልጅዎ የዝና በጣም ደህና ነኝ፤ እንዲያውም የአሶሳ ማንጎ አወፍሮኛል።

«ልጄን የሚፈልግ እዚህ በሬ ላይ ይቁም፤ እኔ በደብዳቤ ልጅ አልድርም» ብለው የጻፉት ደርሶኛል። ሊያገባኝ ያሰበው ገመቺስ ሲሰማ ክው አለ። ባምባሲ ያሉት አያቱ አቶ ዲሳሳ ግን ሳቁና «ለልጅ ደጅ ያልቆመ ሽማግሌ ምን ሽማግሌ ነው?» አሉ። ሰውየው ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ያን ሁሉ ቀን አውቶቡስ ላይ መንገላታት አይችሉም። ስለዚህ ከወንድማቸው ከአቶ ኢተፋ ጋር በአውሮፕላን ይመጣሉ!

ቢሯችን ግድግዳ ላይ ባለው ካርታ አሶሳና ቡለን አንድ ስንዝር አይራራቁም። አንድ ክልል ናችሁም ተብለናል። ግን መሐላችን ዓባይ ነው፤ ቀጥታ የሚበር አውሮፕላንም የለም። ስለዚህ አገር ምድሩን መዞር ነው። ከአሶሳ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ተኩል፣ እዚያ አድሮ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር አንድ ሰዓት። በሰማይ ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ! ከባሕር ዳር በቻግኒ ቡለን ደግሞ በመኪና ሁለት ቀን።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልግባ። የሴት አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ እንደማይል አውቃለሁ። ለታላቅ እህቴ የመጡትን ሽማግሌዎች «ዘመድ ላማክር» እያሉ ሦስቴ መልሰዋቸዋል፤ እነዚያ ግን ከማዶ ሰፈር ነበሩ። አቶ ዲሳሳን ተመለሱ ካሏቸው የሚመለሱት አሶሳ ነው፤ በዚህ ዕድሜያቸው ሁለተኛ አይመጡም። ስለዚህ ወጉ አይቅር፣ ይመልሷቸው፤ ግን እስከ ጎረቤታችን እስከ እትዬ ጠጂቱ ቤት ብቻ! እዚያ አድረው ጠዋት በርዎ ላይ ይቁሙ፤ ደግሞ ይመልሷቸው። በሦስተኛው ቀን ግን «ግቡና ተቀመጡ» ይበሉልኝ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ያስከፋዎት ገመቺስ አይደለም፣ ርቀቱ ነው። «ብታመም አትደርስልኝም» ብለው ለወንድሜ ለወሰን መንገርዎን ሰምቻለሁ። አባዬ፣ አንጀቴን በሉት። አልቅሼ ስጨርስ ግን ተናደድኩ፤ እኔ ነኝ የማልደርስልዎት?

እንግዲህ ይስሙኝ። አቶ ዲሳሳ ያለ እኔ አውሮፕላን ላይ አልወጣም ስላሉ አብሬያቸው እመጣለሁ። የራሷን ሽማግሌ እየመራች መጣች ተብሎ ቡለን ይሳቅብኝ፣ ግድ የለኝም። ጥቅምት ስምንት ከአሶሳ ተነስተን ለሚካኤል ዋዜማ ቡለን ነን። እነሱ ደጅ ሲቆሙ እኔ ጓዳ ከእማዬ ጎን ሆኜ የሚሉትን እሰማለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምኩ። ወሰንን፣ የሰማውን ሁሉ ስለጻፈልኝ፣ ሁለቴ ሳሙልኝ። እትዬ ጠጂቱን ሰላም እያልኩ ለሁለት ሽማግሌ መኝታ እንዲያሰናዱልኝ እለምናለሁ።

እርስዎ ግን አባዬ፣ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ቀኑን ይቁጠሩ። ለራሴ ጉዳይ በአራት ቀን ከደረስኩ፣ እርስዎ አመመኝ ቢሉማ የት እቀራለሁ?

ልጅዎ የዝና ምንውየለት
አሶሳ፣ መስከረም ፲፭ ቀን ፲፱፻፹፱ ዓ.ም.