ከማንኪራ የተመለሰው አውሮፕላን

ግንቦት 6 ቀን፣ ቦንጋ

የጋሽ ወልዴ አውሮፕላን ሞተር ዛሬ ተነሳ።

በሪሞት የሚበር አሮጌ ሞዴል ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ሳላስፈቅዳቸው ወስጄ ሳበረው ማንኪራ ጫካ ውስጥ ጠፋብኝ። ጋሽ ወልዴ ሲጠይቁኝ ግን "ማር ቆራጩ አሰፋ አጠገቡ ሲያንዣብብ ነበር" አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ የአሰፋን ሰላምታ አይመልሱም።

ባለፈው ሳምንት አሰፋ ራሱ አመጣልኝ። አዲስ ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ ሲወጣ ቅርንጫፍ መሀል ተሰንቅሮ አገኘው። "አንተ ጠግነህ ስጣቸው፤ ምናልባት ኩርፊያቸው ይለቃቸዋል" አለኝ። ምን እንዳስኮረፋቸው እስከ ዛሬ አያውቅም።

ሞተሩን ፈታትቼ አጸዳሁት፤ ባትሪውን ቀየርኩት። የቀረኝ የተሰበረውን ክንፍ ማጣበቅ ነው። ማስቲሽ ልገዛ እትዬ አስቴር ሱቅ ስገባ ጋሽ ወልዴ ተቀምጠዋል።

"አውሮፕላኔን አሰፋ መለሰው አሉ" አሉኝ። "አንተ እኮ ያኔውኑ ነግረኸኝ ነበር።"

"ስድስት ዓመት ቀፎ ውስጥ ደብቆት ይሆናላ" አሉ እትዬ አስቴር። "ንብ እየጠበቀው ማን ይደርስበታል?"

ሁለቱም ሳቁ። ጋሽ ወልዴ ወደ እኔ አዩ። እኔም ሳቅኩ።

እትዬ አስቴር ማስቲሹን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡልኝ። አላነሳሁትም። እዚያው ትቼው ወጣሁ።