ሁለት ሰው ስለተደረገው አንድ ወንድሜ

ለተከበሩ የጦር ሜዳ ሜዳይ አጣሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ካይሮ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎና ማኅተምዎን ለሚጠብቁት ጸሐፊዎች ሁሉ የአላህ ሰላምና እዝነት እንዲበዛላችሁ፣ ጤናችሁም እንደ ወንበራችሁ የማይነቃነቅ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኛ ኮም ኦምቦ አጠገብ የሰፈርነው ኑቢያውያን፣ ምስጋና ለአላህ ይሁንና፣ ከእናቴ እግር በስተቀር ደህና ነን። የእግሯን ነገር በኋላ እመጣበታለሁ።

እኔ ናብራ አብዱልመጂድ ጡረታ የወጣሁ የአረብኛ አስተማሪ ስሆን፣ በጥቅምቱ ጦርነት ከስዊዝ ቦይ ማዶ የሬዲዮ መገናኛውን እንደያዘ ለሞተው ለወንድሜ ለበሺር ሜዳይ እንዲሰጥልን በመለመን ያረጀሁ ሴት ነኝ። ሜዳዩን የፈለግነው ለጌጥ አይደለም። በመዝገባችሁ ላይ ወንድሜ «ከክፍሉ ተለይቶ የቀረ» ተብሎ ስለተጻፈ፣ ይህም በሰው አፍ ሲገባ «ከዳ» ማለት ስለሆነ፣ እናታችን ያንን ቃል የሚሽር አንድ ነገር ደረቷ ላይ አድርጋ መሞት ፈልጋ ነው። የታሸጉት ደብዳቤዎቼ አላዋጡኝምና ይህንን ሕዝብ እንዲያነበው ክፍት ላክሁት። ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ጽሕፈት ቤትዎ ከአንድ ወንድሜ ሁለት ሰው ስላወጣልን እናመሰግናለን። በመንደራችን ሰው የሚጠራው በእናቱ ነው። መሐመዱም አብዱልመጂዱም ስለሚበዛ፣ በአባቱ ስም ብንጣራ ግማሹ መንደር አቤት ይላል፤ የእናቱን ስም ስንጨምር ግን ባለቤቱ ብቻ ዞር ይላል። እናታችን ዳሪያ ስለሆነች ወንድሜ በሺር ዳሪያ ነበር። አብረውት የዘመቱት የመንደራችን ልጆች በዚሁ ስም ጠሩት፤ በመገናኛው በሌላው ጫፍ የነበረው ጓደኛው ፊክሪም በዚሁ ስም መሰከረለት። በመዝገብዎ ያለው ግን በሺር አብዱልመጂድ ነው። ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ በጥልቀት መርምሮ፣ ጀግንነቱን የፈጸመው በሺር ዳሪያ በሠራዊቱ ውስጥ ያልነበረ ሰው መሆኑን፣ በሠራዊቱ ውስጥ የነበረው በሺር አብዱልመጂድ ደግሞ ምንም ያልፈጸመ ሰው መሆኑን አረጋገጠ። ሁለቱ አንድ ናቸው ብዬ ለማስረዳት ካይሮ ድረስ ብመጣ፣ ጸሐፊዎ በሃፍረት ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ «ኧረ ሐጃ፣ ቀስ በይ! የእናትሽን ስም ሰው ፊት ትጠሪያለሽ እንዴ? ደግሞ ሰውን በእናቱ መጥራት እኮ ስድብ ነው፤ የሴት ልጅ ማለትሽ እኮ ነው!» አለኝ። ልክ ነው፣ ወንድሜ የሴት ልጅ ነበር። ክቡርነትዎ ከወንድ ተወልደው ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፦ የልደት ማስረጃውን ከተወለደበት መንደር እንድናመጣ ስላዘዙን እናመሰግናለን። የተወለደበት መንደር የአስዋን ግድብ ሲሠራ ከሐይቁ ሥር ገብቷል። ሌላው ሰው «ጉዳዬን ውሃ በላው» ሲል ለአባባል ያህል ነው፤ የእኛን ግን የበላው በቁሙ ውሃ ነው። ጎበዝ ጠላቂ ካለዎት ይላኩልን፣ ቤታችን የነበረበትን አሳየዋለሁ።

ሦስተኛ፦ በሰላሙ ጊዜ «ምን ትንጫጫላችሁ?» የሚያሰኘው ቋንቋችን፣ ጠላት ስለማይሰማው ብቻ በዚያ ሰሞን የአገር ምስጢር ሆኖ ነበር። ወንድሜ ታንኮቹ በየት በኩል እንደመጡ ለፊክሪ የነገረው በዚህ ቋንቋ ነው። ፊክሪ «በቃህ፣ ና ተመለስ!» ቢለው፣ «እኔ ከተመለስኩ ማን ያይላችኋል፣ አንተ ደንቆሮ! ዝም ብለህ ጻፍ» አለው። ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም። ጽሕፈት ቤትዎም ይህን ንግግር ፈቃድ ባለው አስተርጓሚ ወደ አረብኛ አስመልሰን እንድናቀርብ ጠየቀን። ፈቃድ ያለው የኑቢያ ቋንቋ አስተርጓሚ ስንፈልግ፣ ፈቃዱን የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የለም ተባልን። ያን ዕለት በአረብኛ ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ማስረጃው በእጅዎ ይገባ ነበር፤ በጠላትም እጅ እንዲሁ።

አራተኛውን በትሕትና ልጽፈው ሞክሬ አቅቶኛል፤ እንዳመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

በመጨረሻው ደብዳቤዎ፣ በሺር ዳሪያ የተባለው ግለሰብ ስለመሞቱ ማስረጃ ስላልቀረበ በሕይወት እንዳለ የሚቆጠር መሆኑን፣ ሜዳዩንም ከፈለገ መታወቂያውን ይዞ ራሱ እንዲቀርብ ገለጹልን። ደብዳቤው የደረሰው እኔ ገበያ ሄጄ ሳለ ነው። እናቴ አረብኛ አታውቅም። ፖስተኛውን «እስቲ አንብብልኝ ልጄ» አለችው። ፖስተኛው ደግ ሰው ነው፣ ከቋንቋችንም ጥቂት ለቃቅሟል፤ በዚያችው ጥቂት ቋንቋው፣ «እንኳን ደስ አለሽ ዳሪያ! በሺርሽ አለ። ያለው ደግሞ መንግሥት ነው» ብሏት ሄደ።

ስመለስ እናቴን ግድግዳውን በኖራ የሚቀባ ሰው አስጠርታ አገኘኋት። ምርጥ ምርጡን ተምር ለይታ ደብቃለች፤ ማንም እንዲነካው አትፈቅድም። እግሯን ስኳር በልቶታል። ሽታው ገና ከበር ይቀበለኛል። የአስዋኑ ሐኪም ቶሎ ካልተቆረጠ ትሞታለች ብሎ ቀጠሮ ሰጥቷት ነበር፤ አሁን ግን ከደጃፉ ንቅንቅ አልልም አለች። «ልጄ መጥቶ ቤቱን ዝግ ያግኘው? ደግሞስ በአንድ እግሬ ልቀበለው?» ትለኛለች። «እማዬ፣ በሺር ሞቷል፣ ፊክሪ በጆሮው ሰምቷል» ብዬ ባለቅስባት፣ «አንቺና ፊክሪ ከመንግሥት ትበልጣላችሁ?» አለችኝ። ለዚህ መልስ ካለዎት ይላኩልኝ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬን ቀይሬያለሁ። ሜዳዩ ይቅርብን። «ተለይቶ የቀረ» የሚለውንም ቃል እንደወደዱ ያኑሩት። የምለምንዎት ወንድሜን እንዲገድሉልኝ ነው። በሺር ዳሪያ ሞቷል የሚል አንዲት መስመር ጽፈው ማኅተም ይምቱልኝ፤ እናቴ ከእርስዎ በቀር የምታምነው የለም። ጠላት አስቀድሞ ስለገደለው ሥራው ብዙ አያደክምዎትም። እግሯ ወደ ላይ እየጠቆረ ነው። እባክዎ ይፍጠኑልኝ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመዝገብዎ ብል የማይደርስበት መደርደሪያ ተመኝቼ፣ ከደጅዎ ሥር ተንበርክኬ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

ናብራ አብዱልመጂድ
የአንዱ፣ ወይም እንደ ጽሕፈት ቤትዎ የሁለቱ በሺሮች እህት

ማሳሰቢያ፦ እናቴ ስጽፍ አይታኝ ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለእርስዎ መሆኑን ስነግራት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ «ልጄን እንደመለሰልኝ፣ አላህ የእሱንም ልጆች እንዲሁ ያቆይለት በዪልኝ» አለች። አደራ ነውና ምርቃቷን አድርሻለሁ።