የቶሌራ መኪና

ኅዳር 2፣ ጠዋት 1፡30

ዛሬም ቻርጀሩን ሰካሁ፤ ዛሬም ቀይ መብራት። ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ቀይ። ልጄን ሲፈንን በባጃጅ ወደ ት/ቤት ላክኋት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ለምን ብሎ መጠየቅ ትታለች።

ደብተሬ፣ አንቺ እንኳ እወቂው። መኪናዋ ከመጣች አስራ ሁለት ቀኗ ነው። በኤሌክትሪክ የምትሄድ፣ ነጭ፣ አምስት ሰው የምትይዝ። ያዘዛት ባሌ ነው፣ ቶሌራ። ቀለሟን የመረጠ እሱ፣ ውሉን የፈረመ እሱ። ስትመጣ ግን እሱ የለም። ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ ስልኩ ላይ ፎቶዋን ያሳየኝ ነበር። ታኅሣሥ 14 ሙት ዓመቱ ነው። ይህን ስጽፍ ምንም አልተሰማኝም። የሚጽፈው እጄ ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ አማርኛ አስተምራለሁ፣ 9ኛ ለ። ከዚያ በፊት መኪናዋን ሻጮቹ ዘንድ ላድርሳት።

ኅዳር 2፣ ከሰዓት 10፡00

ባትሪው አስራ አንድ በመቶ ይዞ ነበር። ቀስ ብዬ፣ ትንፋሼን ይዤ የወኪሉ ግቢ አደረስኳት። ግድግዳቸው ላይ በትልቁ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ይላል። ንጉሡ የሚቀመጥበት ወንበር የለም። ቆሜ ጠበቅኩ።

ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሌሊሴ ናት፤ ከእኛው ቤተ ክርስቲያን፣ መዘምራን ውስጥ ያለችው። አከም ጅርቱ አዴ ብላ ተነሥታ ሳመችኝ። መኪናዋን ግን ወጥቶ ያየ የለም። የከተማው መብራት ነው ችግሩ፣ ይቆራረጣል ተባልኩ። ፍሪጄ ይሠራል፣ ቴሌቪዥኔ ይሠራል አልኳት። ይህንንም ጻፈችው። እዚሁ ትቁም፣ ባለሙያው ከአ.አ. ሲመጣ ያያታል አለች። መቼ? ሰሞኑን።

ሰሞኑን የሚባል ቀን ስንት ሰዓት ላይ እንደሚገባ ብጠይቅ ኖሮ።

ኅዳር 5

አባኮ ጠየቁ። የቶሌራ አባት ናቸው፤ ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ ከእኛ ጋር ናቸው፣ እዚህ ባኬ ጃማ ሰፈር። ቤቱ ሁሉ አባኮ፣ አባቴ፣ ይላቸዋል፣ እኔ የወሎ ሰው ልጅም ጭምር። በቀን አንድ ጊዜ ነው የሚጠይቁት፣ ጠዋት፣ ከጸሎት በኋላ፣ መኪናዋ መጣች ወይ ብለው። ኮንኮላታን ዱፌ? አልመጣችም አባኮ። እሺ ይላሉ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። መኪናዋ ትቆምበት የነበረውን ቦታ ያያሉ።

የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው። ለዓመቱ ልጃቸው መቃብር፣ ኑኑ ቁምባ፣ ልጃቸው ባመጣት መኪና መድረስ። በሚኒባስ እንሂድ አልኳቸው። ልጄ መኪና እያለው በሰው መኪና አልሄድም አሉ። እያለው። ሃያ ዓመት የልጆች ደብተር ሳርም የኖርኩ ሴት ይቺን አላረምኳትም።

እኔም ከቀብሩ ወዲህ እዚያ ሄጄ አላውቅም። ለማንም አልነገርኩም፤ አንቺ ስለሆንሽ ነው።

ኅዳር 11

ሁለት ጊዜ ሄድኩ። መጀመሪያ ሶፍትዌር ነው አሉ። ቀጥሎ ሲስተም የለም አሉ። መኪናዋ አቧራ ለብሳለች፤ አንዱ በጣቱ መስታወቷ ላይ ስሙን ጽፎባታል። እኔ አልተናደድኩም። መናደድም ጉልበት ይፈልጋል።

ኅዳር 12

ወይ ጉድ። ወይ ጉድ።

ሲፈን ስልኬ ላይ የምርቃቱን ቀን ፎቶ ታያለች፤ እኔም ከጀርባዋ ቆሜ አየሁ። መኪናዋ የገባች ቀን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተው እጃቸውን ጭነው ጸለዩ። አሜን ተብሎ ሰው ሊበተን ሲል አባኮ ከጓዳ ወጡ፤ ለጋ ቅቤ በእጃቸው፣ እርጥብ ሰርዶም ይዘዋል። ሽማግሌው ወንጌላዊ ፊቱን አጠቆረ። አባኮ ጸሎቱ ለጌታ ነው፣ ቅቤው ለልጄ ብለው አለፉት። እንደ ሙሽራ፣ እንደ ሕፃን፣ የመኪናዋን ግንባር ቀቡ። በደንብ አድርገው። ሌሊሴ እልል አለች።

የዚህች መኪና ቻርጀር የሚሰካው ግንባሯ ላይ ነው። ፎቶው ላይ መዝጊያው ተከፍቷል። እኔ ነኝ፤ ገመዱን ነቅዬ ሳልዘጋው ሰው ልቀበል ሮጥኩ። ማታ ላይ ቅቤውን ከውጭ ከውጭ ወለወልኩት፣ መዝጊያውን ጠቅ አድርጌ ዘጋሁት። ውስጡን ማን ያያል?

መኪናዋን የያዛት የአባኮ ምርቃት ነው።

ኅዳር 13

ጥጥና አልኮል በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ። ከፍቼ ጠርጌ ልመለስ፣ በቃ። ጥበቃው እጄን ያዘኝ። መኪናዋ በድርጅቱ ኃላፊነት ሥር ናት፣ መንካት ክልክል ነው። የኔ ናት አልኩት። የእርስዎ ናት ግን መንካት አይቻልም አለ። መልሱልኝ፣ ገፍቼ እወስዳታለሁ አልኩ። አንዴ መዝገብ ላይ ስለገባች ባለሙያ ሳይፈርም አትወጣም አሉኝ። ሌሊሴን እባክሽ ብቻ ያንን መሰኪያ አንድ ሰው ከፍቶ ይየው አልኳት። ለምን አለች። ቦርሳዬን ዘግቼ ወጣሁ።

ቅቤ ብል ትጽፈዋለች። ከጻፈችው እሑድ መዘምራኑ ያውቁታል፣ ሰኞ ገበያው ያውቀዋል፣ ማክሰኞ አባኮ ይሰማሉ። የልጃቸውን የመጨረሻ ነገር በገዛ እጃቸው አበላሹ ተብሎ ይነገራቸው? ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ይህን አያልፉትም። ዝም አይነቅዝም ይላል የሀገሬ ሰው፤ እኔም ዝም።

ኅዳር 25

ዕቃ ከውጭ ታዟል አሉኝ። ምን ዕቃ? የቻርጅ ክፍል፣ ሙሉው ይቀየራል። ሳያዩ! መኪናዋን አንድ ሰው ሳይከፍታት ዕቃ አዘዙላት። ሐኪም በር ላይ ቆሞ ሆድ ይቀደድ ሲል አስቢው። ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። ዓመቱ ሦስት ሳምንት አልቀረውም።

ኡኬ ከተማ ያለችው እናቴ ደወለች። መኪናዋ እንዴት ናት የኔ ዓለም? ላም አለኝ በሰማይ አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ፤ ድምፁን ሰማሁት።

ታኅሣሥ 3

ኮንኮላታን ዱፌ? አልመጣችም አባኮ።

ታኅሣሥ 4

ጠየቁ። አልመጣችም።

ታኅሣሥ 8

ዛሬ አልጠየቁም። በረንዳም አልወጡም። ምሳ ትንሽ ነካ አድርገው ተዉት። ፈራሁ። ብዙ ጊዜ ሆኖኛል ከፈራሁ፤ ፍርሃቱን ራሱ ረስቼው ነበር።

ታኅሣሥ 11፣ ከሰዓት 9፡00

ሌሊሴ ክፍል ውስጥ እያለሁ ደወለች። ባለሙያው ለሌላ ሰው መኪና መጥቷል፣ ዛሬውኑ ይመለሳል፣ ይድረሱበት። ለኔ አልመጣም፤ ለሌላ ሰው። 9ኛ ለን ለባልደረባዬ ጥዬ ወጣሁ። አባኮ ከቤት እንዲወጡ አልፈለግኩም ነበር፤ ሌሊሴ ቤትም ደውላ፣ ለምሳ የገባችው ሲፈን ሰምታ ነግራቸው ኖሮ በባጃጅ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ኮት ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ግቢው መሀል ቆመዋል። ለእሳቸውም ወንበር አልወጣም።

ባለሙያው ልጅ እግር ነው፣ መንገድ ያደከመው። መዝጊያውን ከፈተ። በእጅ ባትሪ አየ። ጣቱን ሰደደ፣ አወጣ፣ አሸተተው። ከዚያ ሳቀ። ቅቤ ነው እኮ እትዬ! በስብሷል! ጥጥና አልኮል አመጣ፣ ጠራረገ፣ ሰካ። አረንጓዴ። አምስት ደቂቃ አልሞላም። ለአምስት ደቂቃ ሥራ አርባ ቀን።

ከዚያ ቅጽ መጣ። የብልሽቱ ምክንያት፦ የተጠቃሚ ጥፋት። የዚህ ክፍል ዋስትና ይቀራል። ማነው ቅቤ የጨመረበት ብሎ ጠየቀ፣ ለመጻፍ ነው። እኔ ነኝ አልኩ። ለምን? ዝገት እንዳይዘው ብዬ። አስተማሪ አይደሉ እንዴ አለኝ። አማርኛ ነው የማስተምረው አልኩት።

ሌሊሴ ቀና ብላ አየችኝ። የዚያን ቀን እልል ያለችው እሷ ናት። አንገቷን ደፍታ እኔ ያልኩትን ጻፈች። ፈረምኩ። እግዜር ይስጣት።

አባኮን ማየት ፈራሁ። አማርኛ ሲያስፈልጋቸው ይችላሉ፣ ሳያስፈልጋቸው አይሰሙም። የትኛው እንደነበረ አላወቅኩም። ወደ ቤት ስነዳ አጠገቤ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያዩት ነበር። መዳፋቸውን።

ታኅሣሥ 12

ሰምተዋል። ጠዋት ለጸሎት አልወጡም። በሲፈን በኩል መልእክት መጣ፦ እናንተ ሂዱ፣ እኔ እግሬን አሞኛል። እግራቸውን አላመማቸውም።

በራቸው ላይ ቆሜ አባኮ አልኩ። ምን ልበላቸው? ጥፋቱ የኔም ነው፣ መዝጊያውን ያልዘጋሁት እኔ ነኝ አልኩ ለበሩ። በሩ ምን ያውቃል።

ታኅሣሥ 13

ባትሪው መቶ ሞላ። አጠብኳት። መስታወቷ ላይ የተጻፈው ስም ጠፋ። ያለ እሳቸው እንዴት ነው የምሄደው? ያለ እሳቸው መቃብሩ ጋ ምን ብዬ እቆማለሁ? እሳቸው ካልሄዱ እኔም አልሄድም። ይህን ወስኜ ተኛሁ።

ታኅሣሥ 14፣ ጠዋት 12፡40

መኪናዋ ላይ ተደግፌ ነው የምጽፈው። ፊደሉ ጠማማ ነው፤ አንብቢው እንግዲህ።

አባኮ ወጡ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። በግራ እጃቸው ቅቤ፣ በቀኝ ሰርዶ። ሳላስበው ሮጬ መኪናዋ ፊት ቆምኩ፣ በጀርባዬ መዝጊያዋን ከልዬ። አፍሬ ልሞት ነው፤ ምን እያደረግኩ ነው?

ቆሙ። አዩኝ። መኪናዋን አዩ። ከዚያ በአማርኛ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «እሷስ ጠግባለች» አሉ።

ቅቤውን ግንባሬ ላይ ቀቡት። አናቴ ላይም። ኢንተላኮ አሉኝ፣ ልጄ። ጥፋቴን በስምሽ አስጻፍሽ፤ ቶሌራ ማንን ትቶልኝ እንደሄደ አሁን አወቅኩ። ይህን በኦሮምኛ ነው ያሉት። ሰርዶውን አናቴ ላይ አደረጉ፣ መረቁ፣ ረጅም ምርቃት፣ ግማሹን አልሰማሁትም፤ እያለቀስኩ ነበር። ቀብር ላይ እንግዳ ያስተናገድኩት እኔ። ዓመት ሙሉ ደህና ነኝ ያልኩት እኔ። እንደ ሕፃን፣ ንፍጤ እስኪወርድ፣ ጋቢያቸው ውስጥ ገብቼ። ሲፈን እግሬን አቅፋ አብራኝ አለቀሰች። ናፍቆኛል። ቶሌራ ናፍቆኛል። ይኸው ጻፍኩት።

ቅቤው ቅንድቤ ላይ እየቀለጠ ነው። አልጠርገውም፣ በዚህ ግንባሬ ነው የምሄድለት። አባኮ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ቀበቶ ሲታገሉ ሲፈን ጥሩንባውን ትነፋለች። መጣሁ። ኑኑ ቁምባ ስንደርስ ማንም ሳይቀድመኝ እኔ እወርድና ከነቅቤዬ መቃብሩ ጋ እቆማለሁ።