ብል የበላው ባና

ሐምሌ 7፣ ከሰዓት
አሁንም ሱፍ መፍተል። ጉሙ በሩ ድረስ መጥቷል። ስማ ደብተሬ፣ ዛሬ ካንተ ሌላ ያናገረኝ አጎቴ ብቻ፤ እሳቸውም ክሩ ወፍሯል ለማለት።

ይህን እየጻፍኩ ቲቸር ታደለ መጣ። የፊዚክሱ። አስረኛ ክፍልን ጥዬ ስወጣ በሩን ድርግም ያደረግሁበት። አዲስ ቴሌስኮፕ ጠፈር ላይ ሆኖ ያነሳቸውን የመጀመሪያ ፎቶዎች በፍላሽ ይዟል። እሁድ በት/ቤቱ አዳራሽ ለከተማው ሁሉ ሊያሳይ። መስኮቱ መጋረጃ የለው፣ አጎቴ የሠሯቸውን ባናዎች፣ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብሶቹን፣ ተዋሰ። ተሸካሚ? እኔ! እዛ ግቢ አልረግጥም ብዬ ምያለሁ። አጎቴ፣ ባናው አብሮሽ አልማለም አሉ። ተናደድኩ። ሳቄም መጣ።

ሐምሌ 10፣ አመሻሽ
ጠዋት ባናዎቹን መስኮቱ ላይ ሰቀልን። ከቤተክርስቲያን ቀጥታ የመጣ ሰው አዳራሹን ሞላው። ሂሩትም እዛ ነበረች፤ ከዘጠነኛ ጀምሮ አንድ ዴስክ የተቀመጥን። አየችኝ። ከዛ ስልኳን አየች።

መብራቱ ጠፋ። ፕሮጀክተሩ ገና አልበራም፣ ጭብጨባ! ብል በበላው ባና ብርሃን ነጥብ ነጥብ እያለ ገብቶ፣ ኮከብ መስሏቸው። እማማ ዘነቡ አማተቡ፣ ሥራህ ድንቅ ነው እያሉ። አንዱ ልጅ ከኋላ፦ «ኧረ የነሱ ቤት ብል ነው!» አዳራሹ በሳቅ። ጆሮዬ ጋለ። «ብሉ ካንተ ይሻላል፣ እሱ ሥራ አለው!» አልኩት። ባሰባቸው።

ፎቶው መጣ። ወዲያው አንዱ ባና ከምስማሩ ለቀቀ፣ ብርሃን ገብቶ ፎቶው የሚታይበት ሸራ ነጣ። ያዙት አሉ፣ ያዝኩት። እስኪያልቅ። በጎን ነው ያየሁት፦ ቀይ ገደል፣ ልክ የኛን አፋፍ የመሰለ፣ በላዩ ኮከብ እንደ ጨው ተበትኖ። ቲቸር እንዳለው ብርሃኑ የተነሳው ድሮ ነው፤ አሁን እዛ ምን እንዳለ አናውቅም።

ሂሩትም እኔን ስታይ የምታየው በር የደረገመችዋን ነው። ከዛ ወዲህ ያለሁትን ማን አየ? እጄ ደነዘዘ። ደከመሽ ወይ ያለኝ የለም።

ሐምሌ 11
አጎቴ ቀዳዳውን ድፈኚ ብለው መርፌ ሰጡኝ። ደፈንኩ። እኔ የምለብሰው ላይ ያለችውን አንዷን ተውኳት።

ቲቸር ሊያመሰግን መጣ። ምዝገባ ነሐሴ መጨረሻ ነው አለ፣ ባናውን እያየ፣ እኔን ሳይሆን። ከሄደ በኋላ ነደደኝ፤ ለምን እኔን አያይም?

ልመዘገብ እሄዳለሁ። መሐላውን ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ፣ ቀኖና ከሰጡኝ ቅጣቱን እቀበላለሁ። ቢስቁ ይሳቁ። ሂሩትን አልለማመጥም። ፊት ዴስክ፣ ብቻዬን። ግን ጥግ ይዤ ነው የምቀመጠው፣ ምናልባት እሷ መጥታ ጎኔ ብትቀመጥ።