«የለችም» የሚለው ቁልፍ

እሑድ፣ ጥቅምት 9 ቀን። ጉሙ እስከ እኩለ ቀን አልተነሣም። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና የጎረቤቴ ድመት ብቻ ነን።

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ? ባለቤትሽን፣ ጋሼን፣ ያ ሳል ለቀቃቸው? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ አለሁ። «አለሁ»ን ዛሬ የጻፍኳት ለወጉ ያህል አይደለም፤ ነገሩን ልንገርሽ።

የምሠራበትን ቤት ታውቂዋለሽ፤ አንድ እግሩ ላጠረ ወይም ለተጣመመ ሰው ጫማ እንሠራለን። አንዱ ይለካል፣ አንዱ ቆዳ ይቆርጣል፣ እኔና ጓደኛዬ ሳቂታ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንሰፋለን፣ ሌላው ሶሉን ያጣብቃል። እኔ ሰፍቼ ስጨርስ ሳቂታ ትቀበለኝና ክሩን በአውራ ጣቷ ዳስሳ «ይሁን፣ ይሂድ» ትለኝ ነበር። ዘንድሮ በየጠረጴዛው ስክሪን ተተከለና ጫማው ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ የሚያዘው ፕሮግራም ሆነ። ሥራሽን ስትጨርሺ ተጭነሽ ቀዩን መብራት አረንጓዴ ታደርጊዋለሽ። ጉዱ ምን መሰለሽ፣ ሥራው እየሄደ እያለ መንገዱን ይቀይራል። ሰው ሲቀር አጠገቡ ያለው «የለም» ወይም «የለችም» የሚለውን ቁልፍ ይጫናል፤ በጅምር ያለው ጫማ ሁሉ በሌላ በኩል ዞሮ ያልፋል። እኛ የምናደርገውንም እያየ ይማራል አሉ።

ሳቂታ ስትታመም ቦታዋን እንዳትነጠቅ ብዬ «የለችም»ን አልተጫንኩም። የራሴን ወንበር እየተውኩ በእሷ ወንበር፣ በእሷ ስም ሰፋሁላት። ከዚያ፣ እንደጻፍኩልሽ፣ ሞተች። ከቀብር መልስም ቁልፉን የሚጫን እጅ ጠፋ። ሰው አንድ ቀን ሲቀር የምንጫነውን ቁልፍ ለሞተ ሰው እንዴት ብለሽ ትጫኚዋለሽ?

ወደ ወንበሬ ስመለስ ስክሪኔ «የለችም» ይላል። «አለሁ»ን ብጫን ለአፍታ ጠፍቶ ተመልሶ «የለችም»። ጫማው እኔን አልፎ ባዶው የሳቂታ ጠረጴዛ ላይ ይከመራል። ይባስ ብሎ ሰዉም እንደ ስክሪኑ ሆነ። ሻይ የምታዞረዋ እኔን ዘላ አለፈች። ዐርብ ዕለት ቆዳ ቆራጩ መጥቶ ዐይን ዐይኔን እያየ «ሳቂታ፣ እንቺ» አለኝ። መሳሳቱን እንኳ አላወቀም። እኔ ስስቅ የታየሁት መቼ ነው?

የፕሮግራሙ ባለሙያ አየና «እሷን አለች፣ አንቺን የለሽም ብሎ ተምሯል፤ አሁን ልንካው ብል በመንገድ ላይ ያለው ሥራ ይበላሻል» አለ። አለቃችን ደግሞ «ምን አለበት እህቴ፣ ወንበር ወንበር ነው። በእሷ ስም ሥሪ፤ ያለበለዚያ ስክሪኑ የለችም የሚላትን ሴት እኔ አለች ብዬ ደሞዝ ልከፍል አልችልም» አለኝ። እስከ ሰኞ አስቢበት ተባልኩ።

ትዝ ይልሻል፣ ልጅ ሆኜ አልጋ ሥር ተደብቄ ስትጠሪኝ «የለሁም!» እልሽ ነበር። አንቺም «የሌለ ሰው አፍ አውጥቶ ይመልሳል እንዴ?» እያልሽ በእግሬ ጎትተሽ ታወጪኝ ነበር። እትዬ፣ አሁንስ ማን ጎትቶ ያውጣኝ?

ጋሼን እጅ ንሺልኝ። ትልቋን ለጻፈችልኝ ሁለት መስመር አመስግኚልኝ፤ ትንሹን፣ ቢሸሽሽም ይዘሽ፣ ጉንጩን ሳሚልኝ።

ሰኞ፣ በምሳ እረፍት የጨመርኩት።

ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ኮቴን ሰቀልኩ። የሳቂታን መቀስና ጉልበቷ ላይ የምታነጥፈውን ጨርቅ መሳቢያዋ ውስጥ ከተትኩ። «ይቅር በይኝ» አልኳትና በስክሪኗ ላይ «የለችም»ን ተጫንኩ። የቤቱ ስክሪኖች በሙሉ ጨለሙ። ሲበሩ ወደ ራሴ ወንበር ሄጄ «አለሁ»ን ተጫንኩ፤ ጸና። ቆራጩ ገብቶ «አንቺ ሴትዮ፣ የት ከርመሽ ነው?» አለኝ። የመጀመሪያውን ጫማ ሰፋሁ። ስጨርስ ስክሪኑ ከዚህ በፊት ያልነበረ ትእዛዝ አወጣ፦ «ከጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ፤ እስክትዳስሰው ጠብቂ።» ባለሙያውን ጠየቅኩት፤ እኔ አልጻፍኩትም አለ። ጫማውን ባዶው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። የሳቂታ መብራት ቀይ ነበር። ከዚያ አረንጓዴ ሆነ። ማንም አልነካውም። ጫማውን አንሥቼ ለአጣባቂው አቀበልኩ።